አያ ታኒካቻላምና የሦስቱ ክላውዶች በሮች

በማሽን ክፍሉ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር። ቬሽቲ የሚባለውን ነጭ ሽርጥ አገልድመዋል፤ ግንባራቸው ላይ ሦስት መስመር አመድ ተቀብተዋል፤ በያዙት ሳህን ላይ ሙዝ፣ አበባ፣ የተፈጨ ሰንደልና አንዲት ትንሽ መብራት አለች። ኢላኪያ ጫማዋን አውልቃ ቀረበች፤ መዳፎቿን አጋጥማ እጅ ነሣች፤ ከቦርሳዋም አንድ የሩፒ ኖት አውጥታ ሳህኑ ላይ አኖረች።

«አባቴ፣ ለእኔም ይጸልዩልኝ» አለቻቸው። «የዚህ ቤት የኔትወርክ ኃላፊ በጣም አስቸጋሪ ሰው ናቸው። ልባቸውን ያራራልኝ።»

«ማን ይባላሉ?» አሉ ሽማግሌው።

«ታኒካቻላም።»

ሽማግሌው ከሰንደሉ በጣታቸው ወስደው ግንባሯን ቀቧትና «ልባቸው ይራራ። ጆሯቸው ግን ደህና ነው፤ ሰምተዋል» አሏት።

ኢላኪያ ድምፁን ያኔ አወቀችው። ከቼናይ ሆና ከእኛ ጋር በኔትወርክ ባለሙያነት መሥራት ከጀመረች ወዲህ ሳምንት በሳምንት በስልክ ስትከራከረው የከረመችው ድምፅ ነበር። አያ ታኒካቻላም በስብሰባ ላይ ካሜራቸውን ከፍተው ስለማያውቁ መልካቸውን አይታ አታውቅም። ወደ ኮይምባቶር በአካል ስትመጣም የመጀመሪያዋ ነው፤ ያውም በአዩዳ ፑጃ ዕለት፣ ሰው ሁሉ የሚሠራበትን መሣሪያ አጥቦ፣ አበባ አድርጎ፣ በሚያመሰግንበት ቀን። እንደዚያ ለብሰው ብታያቸው ካህን መስለዋት ነው። እኔ ከኋላቸው የአበባ ቅርጫት ታቅፌ ቆሜ ነበርና በዓይኔ ልጠቅሳት ሞከርኩ፤ አላየችኝም። እሷ ስታፍር እኔም አብሬ አፈርኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አያ» አለች፣ ሻሿን ወደ አፏ እየሳበች። በአገራችን እንደ እርሳቸው ያለውን ትልቅ ሰው አያ እንለዋለን።

«ለምኑ? ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚህ ቤት ነው፤ ጉርሻ የሰጠኝ ሰው ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ነይ፣ ይኸን አበባ ያዢልኝ።»

ሦስታችንም ወደ ማሽን ክፍሉ ገባን። እኔ በዚያ ቤት ለሠራተኞች የአሠራር መመሪያ እጽፋለሁ፤ በኔትወርኩ ነገር አፌን ሞልቼ የምናገር ሰው አይደለሁም። ነገሩ ለአንባቢ እንዲገባው ያህል ግን ልናገር። ድርጅታችን ደም የሚመረምሩ ቅርንጫፎች አሉት። የምርመራውን ውጤት በአንድ ክላውድ፣ ሐኪሞች ውጤቱን በስልክ የሚያዩበትን መተግበሪያ በሌላ ክላውድ፣ የሒሳቡን ሥራ ደግሞ በሦስተኛ ክላውድ እናስቀምጣለን። ክላውድ ማለት የሌላ ኩባንያን ኮምፒውተሮች ከሩቅ ሆኖ ተከራይቶ መጠቀም ነው። ሦስት አከራዮች ስላሉን ሦስት ዓይነት በር፣ ሦስት ዓይነት ቁልፍ፣ ሦስት ዓይነት ወግ አለን። ማን በየትኛው በር እንዲገባ የሚፈቅዱት፣ የሚከለክሉትም አያ ታኒካቻላም ነበሩ፤ ሌላ ሰው አይነካውም።

«እንግዲህ መጣሽ» አሉ፣ በማሽኖቹ መደርደሪያ ላይ አበባውን እያሰሩ። «በስልክ የምትነግሪኝን ነገር እስቲ ፊት ለፊት ንገሪኝ።»

«እሺ አያ። አዲስ ሆስፒታል ከእኛ ጋር ሲገናኝ ምን ያደርጋሉ?»

«ምን አደርጋለሁ? መጀመሪያው ክላውድ እገባለሁ፣ መንገድ እከፍትለታለሁ። ሁለተኛው እገባለሁ፣ እከፍትለታለሁ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ከዚያ እዚህ እመጣና ይኸን ሳጥን እነግረዋለሁ።»

«አራት ቦታ፣ በአራት ዓይነት ቋንቋ።»

«አራት ቋንቋ ማወቅ ነውር ሆነ ደግሞ?»

«ነውርስ አይደለም። ግን አንዱ ጋ ቢሳሳቱ ማን ያይልዎታል?»

«እኔ።»

«እርስዎ ካላዩትስ?»

አያ ወደ እኔ ዞሩና «ካያል፣ ይቺን ልጅ ቼናይ ውስጥ ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሳላት?» አሉኝ። ሳቅኩ።

ኢላኪያ አልሳቀችም። «በሶፍትዌር የሚመራ ኔትወርክ የምልዎት እኮ ሌላ ነገር አይደለም። ‹ይህ ሆስፒታል የራሱን ሕመምተኞች ውጤት ይይ፤ ሌላ ማንም አይይ› ብለን አንድ ቦታ እንጽፋለን። ያንን ትእዛዝ ለሦስቱም ክላውዶች በየቋንቋቸው የሚነግራቸው አዛዡ ፕሮግራም ነው። ነግሯቸውም ዝም አይልም። እየዞረ ያያል፤ የታዘዘውና እዚያ ያለው ካልገጠመ ይናገራል። ካዘዝነውም ራሱ ያስተካክላል።»

«ራሱ ያስተካክላል» አሉ፣ ቃሉን እያላመጡ። «እኔ በእጄ ያልዘጋሁትን በር ተዘግቷል ብዬ አልናገርም። ፕሮግራም ተናገረ ብዬ ሰው ፊት አልቆምም።»

«አሁንም እኮ ለሙከራ ተጭኗል። ሥራ አስኪያጁ ፈቅደውልኛል። ያያል እንጂ አይነካም።»

«ይይ። ዓይን አይከለከልም።»

እዚህ ላይ በአያ ብቻ ብፈርድ አድሎ ይሆንብኛል። በዚያ ሕንፃ የመጀመሪያውን ገመድ የዘረጉት እርሳቸው ናቸው። ሰው እንቅልፉን ሲተኛ መስመር ተቆርጦ ሮጠው የመጡበት ጊዜ ብዙ ነው። በእጅ የሠሩት ነገር ያኮራል፤ ኩራቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። ክፋቱ፣ ድርጅቱ አንድ ክፍል በነበረበት ጊዜ የሚበቃው እጅ በሦስት ክላውድ ላይ ተበትኖም ይበቃል ብለው ማመናቸው ነው።

ረፋዱ ላይ አንዲት እንግዳ መጣች። ዶክተር ማይቲሊ የአንድ የእናቶች ሆስፒታል ባለቤት ናት። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የሕመምተኞቿን ደም ለሙከራ ወደ እኛ ትልክ ነበር። ደስ ካላት ሁሉንም ልትሰጠን ነው፤ ለቅርንጫፎቻችን ትልቅ እንጀራ ነበር። ፑጃው ሊጀመር ሲል በሁላችንም ፊት አያን ጠየቀቻቸው።

«የእኔ ሴቶች ውጤት ከእኔ በቀር ማንም አያየውም አይደል? አንዳንዶቹ ለቤተሰባቸው እንኳ ሳይናገሩ ነው የሚመጡት።»

«ትናንት ለሙከራ አንድ መንገድ ሰፋ አድርጌ ከፍቼ ነበር» አሉ አያ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «ማታ በገዛ እጄ ዘግቼዋለሁ። እርግጠኛ ይሁኑ።»

ዶክተሯ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፤ ቃላቸው በቃት። መብራቱ ተለኮሰ፣ ደወሉ ተደወለ። በወጋችን መሠረት የሁላችንም ላፕቶፕ የዕውቀት እመቤት በምንላት በሳራስዋቲ ሥዕል ፊት ተደርድሮ፣ ሰንደልና ኩምኩም የሚባለውን ቀይ ዱቄት ተቀብቶ፣ አበባ ተደርጎበታል። እስከ ነገ ማንም አይነካውም። የአያ ላፕቶፕ ከሁሉም ፊት ነበር።

ኢላኪያ ሌሊቱን በባቡር ስትመጣ የስልኳ ባትሪ አልቆ ጠፍቶባት ስለነበር እንግዳ መቀበያው ጋ ቻርጅ ላይ ሰክታው ነበር የገባችው። ሱንዳል የሚባለው የበዓሉ ቅቅል ሽምብራ መታደል ሲጀምር ሄዳ ከፈተችው። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ሆኗል። የአያን ክንድ በጣቷ ነካ አድርጋ ወደ ደረጃው ጠራቻቸው። እኔንም ታላቅ እህቴ ለማለት «አካ፣ ነይ» አለችኝ፤ ብቻዋን ልትነግራቸው ፈርታ ይመስለኛል።

«አያ፣ የውጤቱ ክላውድ በር ክፍት ነው።»

«ዘግቼዋለሁ።»

«ፕሮግራሙ ክፍት ነው ይላል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ሲነግረኝ አድሯል።»

«እኔ በእጄ ዘጋሁ እያልኩሽ አንቺ ፕሮግራሙ ትይኛለሽ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እንግዳዋ እንዳትሰማ። «ደግሞ ዛሬ መሣሪያ አይነካም። አባቴ ሸማኔ ነበር። በዚህ ቀን ቤታችን ቢራብ እንኳ መወርወሪያውን አያነሣም። ዓመቱን ሙሉ ያገለገለን ዕቃ አንድ ቀን ይረፍ ነው ነገሩ።»

«እያረፈ አይደለም እኮ፣ አያ። ለመጣው ሁሉ ውጤት እያደለ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ጠዋት ካህን አደረግሽኝ፤ አሁን ደግሞ ውሸታም?»

ኢላኪያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ መናገር ግድ ሆነብኝ። «አያ፣ የእኔ ስልክ ከቤቱ ኔትወርክ ጋር አልተገናኘም። በሩ የተዘጋ ከሆነ የውጤቱን ክላውድ አድራሻ ብጽፍ አይከፍትልኝም አይደል?» አልኳቸው።

«አይከፍትልሽም። ጻፊ።»

ጻፍኩ። ምንም ሳይጠይቀኝ የሴቶች ስም ዝርዝር ወጣ። ከየስሙ ጎን የምርመራው ዓይነት አለ። ሁለት ሦስቱን ሳላስበው አነበብኩና ስልኩን በመዳፌ ከደንኩት። አያ ግን አይተዋል። እጃቸውን ወደ ግድግዳው ዘርግተው ቆሙ።

«ቁልፉ ያለው በላፕቶፕዎ ላይ ብቻ ነው» አለች ኢላኪያ በቀስታ።

አያ ደረጃውን ወጥተው በሰው መካከል አለፉ። ከሥዕሉ ፊት ጎንበስ ብለው የአበባ ጉንጉኑን ከላፕቶፓቸው ላይ አነሡ። የሒሳብ ክፍሉ ሙሩጌሳን ሱንዳል እየቆረጠመ «አያ፣ እመቤቲቱን ጉድ ሊያደርጓት ነው?» ብሎ ቀለደ። ማንም አልሳቀለትም። መሬት ላይ ቁጭ አሉና ከፈቱት። ሰንደሉ በፊደሎቹ ላይ ደርቆ ስለነበር በቬሽቲያቸው ጫፍ ጠረጉት።

እኔና ኢላኪያ ከኋላቸው ቆመን ስክሪኑን እናያለን። የከፈቱትን መንገድ ሊያገኙት አልቻሉም። እርሳቸው ራሳቸው በስም የመዘገቧቸው መንገዶች ተደርድረዋል፦ «ጊዜያዊ»፣ «ጊዜያዊ አዲስ»፣ «ጊዜያዊ የመጨረሻ»፣ «ጊዜያዊ የመጨረሻ እውነተኛው»። አንዳንዱ ጊዜያዊ ዓመታት አልፎታል። ኋላ እንደተረዳነው፣ ትናንት ማታ አበባው መጥቶ ኑ ዕቃ እንጠብ ሲሏቸው ቸኩለው፣ ሁለት ክላውድ ጎን ለጎን ከፍተው ሳለ፣ በመተግበሪያው ክላውድ ያለውን ተመሳሳይ ስም ያለውን መንገድ ዘግተው የውጤቱን ክላውድ ክፍት ትተውታል። መዝጋታቸው እውነት ነው። የዘጉት ግን ሌላ በር ነው።

በመጨረሻ አገኙት፤ ዘጉት። እኔም በስልኬ ሞከርኩ፤ አልከፈተም። አያ ተነሥተው ወደ ዶክተር ማይቲሊ ሄዱ። ነጩ ቬሽቲያቸው ላይ የሰንደል እድፍ ነበር።

«ዶክተር፣ ዘግቼዋለሁ ብዬዎት ነበር። ክፍት ነበር። ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

«ሰው አይቶታል?»

ኢላኪያ መልስ ፍለጋ የውጤቱን ክላውድ መዝገብ በአያ ላፕቶፕ ላይ እያየች ነበር። ቀና ብላ «የማናውቀው ሰው ገብቶ የጥቂት ሴቶችን ውጤት ገልጧል» አለች።

ዶክተሯ የሱንዳል ሳህኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አንዲት አስተማሪ አለች። ፅንስ ደጋግሞ የጨነገፈባት። አሁን መፀነሷን ለባሏ እናት እንኳ አልተናገረችም። ከእነዚያ መካከል እሷ ብትኖርበት ምን ልበላት?»

«እኔ ልንገራት» አሉ አያ። «ለሁሉም እኔ ልንገራቸው።»

«ይንገሯቸው እንግዲህ» አለችና ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ሥራ አስኪያጁ እየተከተሏት ሲለማመጧት ከመስኮቱ እናይ ነበር። ማየት አልፈለግሁም፤ አየሁ።

ከሰዓት በኋላ አያን ማሽን ክፍሉ ውስጥ አገኘናቸው። በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«ተቀመጡ» አሉን። «ኢላኪያ፣ አሁን ስጠይቅሽ አትራሪልኝ። ጠዋት የጠየቅኩሽ ለመርታት ነበር። ሁሉንም በር አንድ ቦታ ሆኖ የሚያዝ ነገር ካለ፣ ያንን አንድ ቦታ ሌባ ቢይዘውስ?»

«እውነት ነው፣ ያሰጋል። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን እንዲያዝ አይደረግም። እርስዎ የጻፉትን ሌላ ሰው አይቶ ካላጸደቀው አይሠራም።»

«አዛዡ ራሱ ቢወድቅስ?»

«በሌላ ስፍራ ሌላ ቅጂ ይቀመጥለታል። ሁሉም ቢጠፉ እንኳ በሮቹ በመጨረሻ በታዘዙት መሠረት ይቆያሉ እንጂ አይከፈቱም።»

«የተጻፈው ትእዛዝ ስሕተት ቢሆንስ?»

«ያኔ ሦስቱም ቦታ በአንድ ጊዜ እንሳሳታለን። ይኸን አልደብቅዎትም። ግን አስቀድመን በትንሽ ነገር ላይ እንሞክረዋለን፤ ከተበላሸም ወደ ትናንቱ የሚመልሰው አንድ ትእዛዝ ነው። ዛሬ ‹ጊዜያዊ›ን እንደ ፈለግነው አንፈልግም።»

አያ መሬት መሬት አዩ። «ሲከፍቱ የሚዘጋበትን ሰዓት አብሮ መጻፍ ይቻላል?»

«ይቻላል። ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ይዘጋዋል። በዓልም ቢሆን።»

«እኔስ ታዲያ? ቬሽቲ አገልድሜ ሙዝ ላድል?»

«የትኛው ቅርንጫፍ ከየትኛው ሆስፒታል ጋር መነጋገር እንዳለበት የሚያውቀው ማነው? ፕሮግራሙ አያውቅም። እኔም አላውቅም። እርስዎ ካልነገሩን የምንጽፈው ነገር የለም።»

«መርሳቱስ የሰው ነው» አሉ አያ። «የሚያሳፍረኝ እርግጠኛ መሆኔ ነው። ሴትዮዋ ሴቶቿን በእኔ ቃል አምና ስትጠይቀኝ ደረቴን ነፍቼ ነው የመለስኩላት። አንቺ ብትነግሪኝ ደግሞ ተቆጣሁሽ።»

«እኔም አለብኝ» አለች ኢላኪያ። «ማስጠንቀቂያው በእኔ ስልክ ብቻ እንዲመጣ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሁሉ ነገር በእርስዎ ጭንቅላት ውስጥ ነው እያልኩ ስወቅስዎት፣ እኔም በአንድ ስልክ ላይ ሰቅዬው ነበር። ስልኩ ጠፋ፤ በሩ ክፍት አደረ።»

አያ አዩዋት፤ በርጩማቸውን ወደ እሷ ሳብ አደረጉ። «እንግዲያው ማስጠንቀቂያው ለእኔም፣ ለካያልም ይምጣ» አሉ። በዚያች ቃል ክርክሩ አለቀ። ለአንድ ወር ያህል ሦስቱ ክላውዶች የሚመሩበትን ሕግ እርሳቸው እየተናገሩ፣ ኢላኪያ እየጻፈች፣ እኔ ሌላ ሰው እንዲረዳው አድርጌ እያቃናሁት ሠራን።

ዛሬ አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት ማን ምን እንደሚያይ አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ ሁለት ሰው ያየዋል፤ ለሁሉም ክላውድ አንድ ሆኖ ይደርሳል። ጊዜያዊው ቀኑ ሲደርስ ይዘጋል። አያ ቢታመሙ ወይም ለበዓል ቢያርፉ የበሮቹ ነገር ከእርሳቸው ጋር አይተኛም። በእጅ ብቻ ብዙ ክላውድ የሚያስተዳድር ድርጅት ካለ፣ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍሉለት የማያውቃቸው ሰዎች መሆናቸውን እንዲያስብ ነው ይህን የምጽፈው። ዶክተር ማይቲሊ ፖንጋል ከምንለው የመከር በዓል በኋላ መጥታ አሠራሩን በዓይኗ አይታ፣ ጥቂት ጥቂት ናሙና መላክ ጀምራለች። ሁሉንም ግን እስካሁን አልሰጠችንም።

የፑጃው ማግስት፣ ልጆች በሩዝ ላይ የመጀመሪያ ፊደላቸውን የሚጽፉበት ቀን፣ አያ ከሁላችን ቀድመው ገቡ። በሩን ዘጉና ውጤታቸው ለታየባቸው ሴቶች አንድ በአንድ ደወሉ። አንዳንዶቹ አለቀሱ፤ አንዷ ሰደበቻቸው። አስተማሪዋም ከመካከላቸው ነበረች። እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው፤ ስማቸውን ጠየቀች፤ ሲነግሯት ስልኩን ዘጋችው።